የረባሾች ደብተር

መስታወቱ ሲሰበር እሌኒ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነበር።

የሰበረችው ሔራን ናት። ይህን ከክፍሉ ተማሪ ቢያንስ ግማሹ አይቷል። የሂሳብ መምህሩ ስብሰባ ስለገቡ ስምንተኛ «ለ» ያለ አስተማሪ ተቀምጦ ነበር፤ መቀመጥ ከተባለ። ሔራን ዳስተሩን ከሰሌዳው ሥር አንስታ ከኋላ የሚስቅባትን ልጅ ልትመታ ወረወረችው። ልጁ ጎንበስ አለ። ዳስተሩ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት አገኘው።

እሌኒ «ዝም በሉ!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትጮህ ያልሰማት ሁሉ አሁን ትንፋሹን ዋጠ። የሚገርመው፣ ማንም ወደ ሔራን አላየም። ሁሉም ያዩት ወደ እሌኒ ነበር።

እሌኒ የክፍሉ አለቃ ናት። አስተማሪ በሌለበት ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጣ የሚያወራውን፣ የሚነሳውን፣ የሚስቀውን ሁሉ ስም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ደብተሩ የረባሾች ደብተር ይባላል። ስሙ የገባበት ልጅ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው የለም፤ ተጽፏላ! ጥፋቱ ከበድ ያለ እንደሆነ ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ሦስት ጊዜ የቀረበ ወላጅ አምጥቶ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ይታገዳል።

በዚያ ማክሰኞ ገጽ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ አገኘሁ ጥዑመ ልሳን። የጻፈችው መስታወቱ ከመሰበሩ አሥር ደቂቃ ያህል ቀደም ብላ ነበር። ጥፋቱም ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን ሲበትንበት ሳያስፈቅድ ተነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ መሞከሩ ነበር።

እስክሪብቶዋን ከአገኘሁ ስም ሥር አሳረፈች። «ሔራን አዘዘ» ብሎ ለመጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እጇ ግን አልንቀሳቀስ አለ። የሔራን አባት ኢንጂነር አዘዘ የጆንያ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የእሌኒ አባት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ቴክኒሻን ነው። የፈረቃ ኃላፊ ለመሆን ያስገባው ማመልከቻ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ ነው።

በሩ ተበርግዶ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መምህር ሀዲስ ገቡ።

«ማነው የሰበረው?»

የመምህር ሀዲስ ዓይን ፊት ለፊት በተቀመጠችው እሌኒ ላይ አረፈ።

«አለቃ! ደብተሩን አምጪ!»

እሌኒ ሰጠቻቸው። መምህር ሀዲስ ገጹን አዩት። አንድ መስታወት፣ አንድ ስም። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?

«አገኘሁ ማነው?»

አገኘሁ ተነሳ። ቀጠን ያለ፣ ሹራቡ እጁ ላይ ያጠረበት ልጅ ነው። የሚቀመጠው መስኮቱ ሥር በመሆኑ ስባሪው ጫማው አጠገብ ተበትኗል።

«መስኮቱ ጋ ምን ትሠራ ነበር?»

«ልዘጋው ነበር፤ ግን...»

«እንዲህ ነው መዝጋት?»

አንዳንዱ ሳቀ። አገኘሁ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ቲቸር፣ እኔ አልሰበርሁም።»

«ስምህ እዚህ ላይ ምን ይሠራል ታዲያ? ከመሬት ተነስታ ጻፈችህ?» መምህር ሀዲስ ወደ እሌኒ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ቲቸር» አለች እሌኒ።

ውሸት አልተናገረችም። ጽፋዋለች። ቀኑን ሙሉ ይህን ለራሷ ስትደጋግም ዋለች፤ በደጋገመችው ቁጥር ግን እየባሰባት ሄደ።

«ሦስተኛህ ነው» አሉ መምህር ሀዲስ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው። «ነገ ጠዋት አባትህን ይዘህ ትመጣለህ። ከነገ ጀምሮ አንድ ሳምንት ታግደሃል።»

የሞዴል ፈተናው ሰኞ ነው። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚወዳደሩት አምስት ልጆች የሚመረጡት በዚያ ፈተና ውጤት ነው። በሂሳብ አገኘሁን የሚያህል በስምንተኛ ክፍል የለም። ይህንንም ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ክፍሉ ሁሉ ግን ወደ ደብተሩ አቀረቀረ።

በእረፍት ሰዓት ሔራን የእሌኒን ክንድ ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻት። ሔራን ከአዲስ አበባ የመጣችው በዓመቱ አጋማሽ ነው። የግል ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ስለጠበቋት «ለጊዜው» እዚህ ገባች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ምሳዋን ታካፍላለች፣ የለበሰችውን ጃኬት አውልቃ ታውሳለች። የሚያናድደው ሔራን ሳትሆን ሔራን ስትመጣ ሌላው ሰው የሚሆነው ነገር ነው። ወረፋ ይለቀቅላታል። ቀልዷ ሳያልቅ ይሳቅላታል። እሌኒ ራሷ፣ ቤቷ ውስጥ «ሄድሁ»፣ «ወሰድሁ» የምትለዋ ልጅ፣ ከሔራን ጋር ስትሆን «ሄድኩ»፣ «ወሰድኩ» ትላለች። መቼ እንደጀመረች እንኳ አታውቀውም።

«እሌኒዬ፣ በናትሽ፣ ነፍስ ነሽ!» አለቻት ሔራን። «እኔ እኮ አለቀልኝ፣ ትጽፊኛለሽ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ የለሁበትም!»

«አገኘሁ ታገደ።»

«አየሁ እኮ። በጣም ሼም ነው። አሳዘነኝ ስልሽ።»

«ታዲያ ሄደሽ ለምን አትነግሪያቸውም? አንቺን ምንም አይሉሽም።»

ሔራን ቧንቧውን ከፍታ እጇን መታጠብ ጀመረች። «አስቤ ነበር። ግን አሁን ብናገር የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ለምን አልጻፍሻትም ይሉሻል። እኔ ላንቺ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

እሌኒ አፏን ከፍታ ቀረች። ጭራሽ ውለታ ተዋለላት! «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተናገሪ» ልትል አሰበች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

አመሰግናለሁ! ሔራን እጇን ሹራቧ ላይ ጠርጋ እየሮጠች ስትሄድ እሌኒ ቧንቧው አጠገብ ቀረች። ምላሷን ብትነክሰው በወደደች። ቧንቧው በደንብ ስላልተዘጋ ይንጠባጠባል፤ እሱንም ሔራን ከፍታ ስለተወችው የዘጋችው እሌኒ ናት።

ከትምህርት ሲለቀቁ አገኘሁ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ነበር። አገኘሁ የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ እዚያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱ ዓባይ ማዶ አክስቱ ቤት እየኖረ ይማራል።

«አባቴ ነገ በጠዋቱ ጀልባ ይመጣሉ» አለ፣ ሳትጠይቀው። «አሁን ደወልሁላቸው።»

«አገኘሁ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ ምን? ሥራሽን ሠራሽ።»

«የጻፍሁህ ለመስታወቱ አልነበረም። ስለተነሳህ ነው።»

«አውቃለሁ።» ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «ሔራን ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሳች?»

እሌኒ አልቆጠረችም ነበር።

«አራት ጊዜ። አራተኛው ላይ ዳስተሩን አነሳች። እኔ አንድ ጊዜ ተነሳሁ። አንቺ እኮ የእኔን ስም ቀና ብለሽ ሳታይ መጻፍ ለምደሻል።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም እሺ!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ዘበኛው ዞር ብሎ አያቸው። «ደግሞ አንተስ? ለምን ሔራን ናት አላልህም? አፍ የለህም?»

«ለማን ልበል? ደብተሩ ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

ይህን ብሎ በእግሩ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ሄደ። እሌኒ ተከትላ ልትጠራው አሰበች፤ ብትጠራው ምን እንደምትለው ግን አላወቀችም። ደሟ ፈላ። በእሱ ይሁን፣ በሔራን ይሁን፣ በመምህር ሀዲስ ይሁን መለየት አቃታት።

ቤት ስትደርስ አባቷ አቶ ምናሴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ወገቡን ያሻል። ወገቡን ያመመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዶ ነው። ያለፈው ቅዳሜና እሁድ ዕረፍቱ ስለነበር እሌኒንና ታናሽ ወንድሟን ጢስ ዓባይ ሊወስዳቸው ከወር በፊት ቃል ገብቶ ነበር። ወንድሟ ፏፏቴውን ቪዲዮ ሊያነሳ የስልክ ባትሪ ሞልቶ ተኝቷል። ዓርብ አመሻሽ ላይ ግን ኢንጂነር አዘዘ ደወሉ፤ እናታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ መግባት አሰኝቷቸዋል፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? «እኔ አለሁ እንጂ!» አለ አባቷ። ሁለት ቀን ሙሉ ባልቴቷን ደግፎ ሲያወርድና ሲያወጣ፣ ዕቃቸውን ሲሸከም ሰንብቶ ተመለሰ። ሹፌር ነበራቸው። የልጅ ልጅም አለቻቸው፤ ሔራን ግን ፍል ውሃ አትወድም።

እሌኒ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። አባቷ ጣራ ጣራውን እያየ አዳመጠ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ ስትጨርስ።

«ማን?»

«የታገደው ነዋ።»

«አባቱ መሪጌታ ናቸው። ዘጌ።»

አባቷ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ቀለል እንዳለው ያስታውቃል። «እንግዲያ ችግር የለም። አባትየው መጥተው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ያልፋል። ሳምንት ምን አላት?»

«ሰኞ ሞዴል ነው፣ አባዬ! ካልተፈተነ ስሙ አይላክም!»

«እሌኒ፣ ስሚኝ።» ቀና ብሎ ተቀመጠ። «የዚያችን ልጅ ስም እንዳታነሺ። ማመልከቻዬ ማን እጅ ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ።»

እናቷ ሰብለ ወንጌል ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «ያኛውስ? እሱ የሰው ልጅ አይደለም?»

«አይደለም ወጣኝ? እኔ ያልሁት...»

ስልኩ ጮኸ። አባቷ የደዋዩን ስም አይቶ ብድግ አለ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ ሲደውሉ ተቀምጦ አያወራም። መጀመሪያ ይነሳል፣ ቀጥሎ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ከዚያ ስልኩን ያነሳል። ኢንጂነሩ እንደሆነ አያዩት! ወንድሟ ይህን እየተወነ ስንት ጊዜ አስቋታል። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

«አቤት፣ ጌታዬ... ኧረ ምንም አይደል... እማማ እንዴት ዋሉ? ተሻላቸው?... እኔ? እኔማ ምን እሆናለሁ! ኧረ ወገቤንም ምንም አላለኝ...» ይህን ሲል አንድ እጁ ወገቡ ላይ ነበር።

ዘግቶ ሲቀመጥ እሌኒ መታገሥ አልቻለችም። «ለምንድን ነው የምትቆምላቸው? አያዩህም እኮ!»

እናቷ «እሌኒ!» አለች። ወንድሟ ወደ ጓዳ ሸሸ። እሌኒ ጥፊ የሚመጣ መሰላት፤ አልመጣም።

«ደስ ብሎኝ ነው የምቆመው?» አለ አባቷ። ድምጹ ዝቅ ማለቱ ከጩኸት የበለጠ አስደነገጣት። «አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ማሽን ሥር ተጋደምሁ። ያስተማርኋቸው ልጆች ዛሬ ያዝዙኛል። ለምን? የሚያውቀኝ የለማ! አሁን ገና አንድ ሰው ስሜን አወቀ። አንድ ሰው! እኔ አይደለሁም የምነሳው፣ እሌኒ። እግሬ ነው። ስልኩ ሲጮህ እግሬ በራሱ ይነሳል።»

የተቆለፈውን ቁልፍ ፈታ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋደመ።

እሌኒ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አባቷ አሳዘናት፤ አናደዳትም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማልቀስ እንኳ አይመችም። አገኘሁ ያለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ ስላለ ሰማያዊውን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ ከመስከረም ጀምሮ ገለጠች።

አገኘሁ አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ገበያ ድንች የምትሸጥ እናት ያላት ልጅ ዘጠኝ ጊዜ። የኮሌጅ መምህሩ ልጅ፣ ያ አፉ የማይዘጋው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ። እየገለጠች ሄደች። ሔራን የለችም። አንድም ቦታ የለችም።

ማንም እንዲህ ጻፊ ብሎ አላዘዛትም። መምህር ሀዲስ አላሏትም፣ አባቷ አላላትም፣ ሔራንም አልለመነቻትም። እጇ ነው፤ በራሱ ነው የሄደው። እሌኒ ቀኝ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ስታየው ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ቆመው አገኘቻቸው። ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፣ ጋቢያቸውን በደንብ ተከናንበዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ከጀልባ ሲወርዱ ውሃ ነክቷቸው መሆን አለበት፣ ጫማቸው ርሷል። ዘበኛው አጠገባቸው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። ከቢሮው ግን «ይጠብቁ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው የወጣው። አገኘሁ አጠገባቸው መሬት መሬቱን ያያል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለቀ። መሪጌታ ቆመዋል። ሁለተኛውም አለቀ። እረፍት ሲደወል እሌኒ ደብተሩን ይዛ ወጣች፤ ለምን እንደያዘችው ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ሆና አየች። አሁንም ቆመዋል።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያዞሩ ገቡ። የሔራን እናት ናቸው። ሔራን የረሳችውን ካልኩሌተር ይዘው ነው የመጡት። መምህር ሀዲስ በመስኮቱ አይተዋቸው ኖሮ ራሳቸው በሩን ከፍተው ወጡ።

«እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደሩ! ኧረ ቆመው! ወንበር አምጡ እንጂ!»

ጸሐፊዋ ከውስጥ ወንበር እየጎተተች አወጣች።

«አይ፣ አልቀመጥም፤ ይቺን ለሔራን ስጡልኝ ብዬ ነው» አሉ የሔራን እናት። ካልኩሌተሩን ሰጡ፣ ለመሪጌታ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና ሄዱ። መምህር ሀዲስ እስከ ግቢው በር ሸኝተዋቸው ተመለሱ፤ «አሁን እጠራችኋለሁ» ብለው ገቡ።

ወንበሩ እዚያው ቀረ። ከመሪጌታ እግር አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው። መሪጌታ አዩት። አልተቀመጡም። ተቀመጡ አልተባሉማ። ሰው ደጅ ሄዶ ተቀመጥ ሳይባል የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ጸሐፊዋ ትንሽ ቆይታ ብቅ አለችና ወንበሩን ይዛ ተመለሰች።

«ተቀመጡ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሌኒ ራሷ ልትለው ትችል ነበር! ወንበሩ እዚያ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ሌላ ሰው እስኪል ጠበቀች።

ሳታስበው ቀርባ ነበር። አገኘሁ ቀና ብሎ አያት። «ያቺ ናት አለቃዋ» አለ ለአባቱ፣ ቀዝቀዝ ብሎ።

«ነይማ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

እሌኒ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው።

«እኔ ይህን ልጅ ቅኔ ቤት ላስገባው አስቤ ነበር። እሱ ደግሞ ቁጥር ወደደ። እሺ፣ እንደወደድህ ብዬ ላክሁት።» ድምፃቸው ዝማሬ የለመደ፣ ሳይጮህ የሚሰማ ነው። «ትናንት ስልክ ደውሎ አልሰበርሁም አለኝ። ልጄ ውሸታም አይደለም። ግን ተጽፏል አሉኝ። እኔ ኑሮዬ ከመጽሐፍ ጋር ነው፤ የተጻፈ ነገር ሳይ ጸሐፊው አይቶ፣ አጣርቶ ነው የጻፈው ብዬ እቀበላለሁ። ስለዚህ አሁን ገብቼ በእሱ ፈንታ ይቅርታ ልጠይቅ ነው።» ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «አንቺ በዓይንሽ አይተሽ ጻፍሽ?»

እሌኒ አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። አገኘሁ ወደ እሷ ማየቱን ትቶ የቢሮውን በር ማየት ጀመረ፤ ከእሷ ምንም የማይጠብቅ ሰው እንደሚያይ።

«ይግቡ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

መሪጌታ እርጥብ ጫማቸውን ደፉ ላይ ጠርገው ገቡ። አገኘሁ ተከተላቸው። በሩ ተዘጋ።

የእረፍቱ ማብቂያ ሊደወል ነው። ልጆች ወደየክፍላቸው መግባት ጀምረዋል። እሌኒም ብትገባ ማንም ምንም አይላትም። መሪጌታ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ አገኘሁ ሳምንቱን ዓባይ ማዶ ይቀመጣል፣ ሰኞ ሌላው ይፈተናል። አባቷ የፈረቃ ኃላፊነቱ ደብዳቤ ይደርሰው ይሆናል። ሔራንም ምሳዋን ታካፍላታለች።

ደብተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የማክሰኞን ገጽ ገለጠች። ከአገኘሁ ስም አጠገብ «መስኮት ሊዘጋ ተነሳ» ብላ ጨመረች። ከሥሩ «ሔራን አዘዘ፤ መስታወት የሰበረች» ብላ ጻፈች። ያን ያህል ጊዜ አልፈጀም። ከዚያ አንድ መስመር ወረደች። እስክሪብቶው ግድግዳ ላይ ስትጽፍበት እምቢ እያለ ስላስቸገራት ፊደሎቹን ደጋግማ አጠቆረቻቸው። «እሌኒ ምናሴ፤ አይታ ያልጻፈች።»

ማታ ስልኩ ይጮሃል። ያ የታወቀ ነው። አባቷ ብድግ ብሎ ቁልፉን ይቆልፋል፤ ኢንጂነሩ የሚሉትን ይላሉ፣ ምናልባትም ምንም አይሉም። ስልኩ ሲዘጋ ግን አባቷ ወደ እሷ ይዞራል። ስልኩ ሲጮህ ክፍሏ ገብታ ላለመደበቅ ወሰነች። አባቷ ሲቆም አጠገቡ ትቆማለች፤ የሚመጣው ለሁለቱም ይምጣ።

በሩን አንኳኳች።

«ማነው? ሰው ይዣለሁ!» አሉ መምህር ሀዲስ ከውስጥ።

«የስምንተኛ ‹ለ› አለቃ ነኝ» አለች እሌኒ። «የረሳሁት ስም አለ።»

«በኋላ ነይ!»

እጀታውን ተጫነችና ገባች። በቢሮው ግድግዳ ሥር ሦስት ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። መሪጌታና አገኘሁ ቆመዋል። ደብተሩን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እሷም አጠገባቸው ቆመች።